ሎት አርባ አንድ

የወረድኩት ለጎማ ነው፤
ለአይሱዙዬ፣ ስድስት ፍሬ፤ የድሮው ክሩ ነው የቀረው።
ሐረጎን ስንጨርስ፣ ጆሮዬ ሲከፈት፣
ይማም ደገመልኝ፤ «እጅህን ኪስህ ክተት፤
ሐራጅ ላይ ቀድማ የወጣች እጅ ለጌታዋ ነች ጠላት።»

ኮምቦልቻ። የጉምሩክ መጋዘን፣ የቆርቆሮ ጥላ፤
ከባቲ፣ ከሎጊያ፣ ከወልዲያ የመጣ ግቢውን ሞላ።
ቦንዳ ልብስ፣ ሶላር፣ የሕፃን ወተት፣
ባለቤቱ ሸሽቶ ስሙን የካደበት።
ጎማው በአራተኛው ጥሪ ከእጄ አመለጠ፤
አንድ ባለ ኮፍያ፣ ስልክ እያወራ፣ በጣቱ በለጠ።

ልንወጣ ስንል ነው ያ ልጅ የጮኸው፤
«ሎት አርባ አንድ! ወይን፣ የውጭ፣ ዐሥራ ሁለት ጠርሙስ፣ ሣጥኑ እንጨት ነው!»
ሳቅ።
«ለቁርባን ነው ወይስ ለሰርግ?» አለ አንዱ፤
«ኮምጣጤ ሆኗል፣ ለሰላጣ ውሰዱ!»
አንድ የሆቴል ግዢ ብቻ፣ ክራባቱን አላልቶ፣
ወረቀቱ ላይ ጻፈ፣ አንገቱን ደፍቶ።
እኔ የማውቀው ወይን
በዓል ሲሆን የሚከፈተውን፣ ከኮካ ጋር የሚደባለቀውን።
ይሄኛው ለማን ሲጓዝ እንደተያዘ የሚያውቅ የለም፤
ከጨርቅ ጥቅል ሥር ተኝቶ የመጣ፤ መዝገቡም ላይ ባለቤት የለውም።

«እንየው» አለ ይማም። ይማም ጠጥቶ አያውቅም፤
አባቱም አልጠጡም፤ ሽታው ካለበት ቤት ውሃ እንኳ አይጠይቅም።
ግን ማር ነግዷል፣ ዘይት ነግዷል፤ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሣና
«አንገቱ ድረስ ሙሉ ነው፤ የጎደለ ዕቃ ነገር አለው» አለና
ቡሹን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ «አላላበም፣ ደርቋል፤
ማን እንዳሸገው እንጃ፣ ሥራውን ግን ያውቃል።»

ወረቀቱ ወይቧል። ዓመቱ ብቻ ይነበባል፤
ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አምስት።
«በኛ ስንት ነው?» አለኝ።
«ስምንት ቀንስበት።»
ቀነሰ።
ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ፤
ከንፈሩ ላይ የነበረው ቀልድ እዚያው አረፈ።

ሰባ ሰባት።
ይማም የዘጠኝ ዓመት ልጅ፤ ባቲ፤ ድንኳን፤ የእናቱ ነጠላ ጫፍ
በጣቱ ላይ ተጠቅልሎ።
ከዚህ በላይ ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ጠይቄው አላውቅም።

«እዚያ» አለ፣ ጠርሙሱን እንደያዘ፣ «በሰባ ሰባት
ዝናብ ነበር ማለት ነው? ፍሬ የደረሰበት?»

«አንደኛ ጊዜ!» የሆቴሉ ሰው ዋጋ ነው።
«ሁለተኛ…»
ኪሴ ውስጥ ያለችውን እጄን፣ ክንዴን ይዞ አወጣት፤
እንደ ባንዲራ ሰቀላት።
ሁለት መቶ ዓይን ዞሮ አየኝ፤ ጆሮዬ ጋለ፤
ቢራ በዱቤ የሚጠጣ ሰው ምን ነካው ተባለ።
ሺህ ጨመርን፤ ሺህ ጨመረ፤ አምስት መቶ ጨመርን፤ ላቡን ጠረገ፤
ስልክ ደወለ፤ አለቃው አላነሣም፤ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ አደረገ።
ሦስተኛ።
ደረሰኝ፣ ማኅተም፣ ግብር፤
የስድስት ጎማ ብር፣ ከዚያም ላይ የይማም ብድር።

ሽቅብ ስንመለስ ሣጥኑ ጭኔ ላይ፤
በየጥምዙ ጠርሙስ ከጠርሙስ ሲላፋ፣ ይማም በመስኮት ሲያይ።
ጦሳ ጉም ለብሷል፤ ደሴ በብርዷ ተቀበለችን።
እታለማሁ ሣጥኑን አየች፤
«ጎማውስ?» አለች። አልሳቀችም።

መክፈቻ የለንም፤ በካቻቢቴ ገፋሁት፤ ቡሹ ተሰባበረ፤
በሻይ ብርጭቆ ቀዳሁ፤ ኮመጠጠኝ፤ ከዚያ ምላሴ ላይ ቆይቶ
ሌላ ነገር ጀመረ፤
ስም የማልሰጠው።

ይማም ብርጭቆውን ተቀበለኝ። አልጠጣም።
አፍንጫው ላይ ያዘው፤ ብዙ ቆየ፤ ከዚያም
«ዝናብ የነካው አፈር» አለ፤ ሌላ አላለም።

ዐሥራ አንዱ ከአልጋዬ ሥር ናቸው፤ በጎን አስተኝቻቸዋለሁ።
አይሱዙዋ በድንጋይ ላይ ቆማለች።
ክረምት ሲያካፋ ይማም በር ላይ ቆሞ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣
«ደህና ናቸው?» ይለኛል፤
«ተኝተዋል» እለዋለሁ።